ኩላሊት ሰጥቶ የሰደበን

የበደለኝን ሰው ረስቼ አላውቅም፤ ለምን እዋሻለሁ? ወልቂጤ መናኸሪያው ጀርባ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። አንዲት ሴት “ዘርፈሽዋል ጨርቄን ሰረቀችኝ” ብላ በሰፈሩ ስሜን አጥፍታው ነበር። ሦስት ዓመት ጠበቅኋት። የልጇን የሠርግ ልብስ ልታሰፋ ጨርቅ ታቅፋ ስትመጣ፣ “እኔ እኮ ሌባ ነኝ፣ ሌላ ቤት ይሻልሻል” ብዬ ሰው በሞላበት ከነጨርቋ መለስኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቴ “ያንቺ ሆድ የቆጮ ጉድጓድ ነው፤ የገባበት ሁሉ እየቆየ ይበስላል” ትለኝ ነበር። ፓስተራችን “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ብለው ሲሰብኩ ቸርች ሙሉ ሰው ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

እንግዲህ ዋርሳዬ ባልቻ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ባሌን በዘመድ ፊት ሲያዋርደው የማንን ባል እንደነካ ማወቅ ነበረበት። አላወቀም። እኔ አሳወቅሁት። እንዴት እንዳሳወቅሁት እንደሆነው እነግራችኋለሁ፤ የሚያኮራኝም የሚያሳፍረኝም ክፍል አለው።

ባሌ ደምሴ አናጢ ነው። ወልቂጤ ውስጥ እሱ የሠራው ወንበር ላይ ያልተቀመጠ የቢሮ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥቃቅንና አነስተኛ ሲባል ከአራት ሰዎች ጋር ተደራጅቶ የትምህርት ቤት ዴስክ ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ነው። እኔ የማወራውን እሱ ዝም ይላል፣ እንዲህ ተካክለን ነው የኖርነው። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሰላም። በ1999 ዓ.ም. እግሩ ማበጥ ጀመረ፣ የበላው አልረጋ አለው። ጨጓራ ነው እየተባለ ስድስት ወር ኪኒን ሲቅም ከረመ። በኋላ አዲስ አበባ ወሰድኩት፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አሉን። ከዚያ ወዲያ ሕይወታችን መንገድ ላይ ሆነ፤ በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ፣ ተመልሶ ወልቂጤ። ያ መጋዝ ሲይዝ ክንዱ የሚያምር ሰው ከሚኒባስ ሲወርድ የሚደግፈው ይፈልግ ጀመር።

ንቅለ ተከላ ካልተደረገለት እንደማይቆይ ሲነገረን ኩላሊት እሰጣለሁ ያለው ባልቻ ነው። ይኼን አልክድም። ቡታጅራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሀብታም ነው፣ ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሲስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። “ወንድሜ እያለቀሰ ከሚሞት እኔ ግማሽ ሆኜ ልኑር” ብሎ ተነሳ። ምርመራው ተስማማ። ንቅለ ተከላው የሚደረገው ሕንድ ነበርና ጉዞውን ቸርቹም ዕቁቡም ዘመዱም ተረባርቦ አሟላልን።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ከእምድብር ወረድ ብሎ ያለው የአባታቸው ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በእኛ ጉርዳ የሚባል ነገር አለ፣ በሽማግሌ ፊት የሚታሰር ቃል ኪዳን። ጴንጤም ሆንን ሙስሊም፣ ጉርዳ ያፈረሰ ሰው ደግ አይገጥመውም ብለን በልባችን እናምናለን። የአባታቸው ጎረቤት አባ ከድሮ ሰብሳቢ ሆነው፣ ባልቻ ተነስቶ “ሰጥቻለሁ፤ በደስታም በጠብም አላነሳውም” እንዲል አደረጉት። አለ። ሁላችንም ሰማን። ሴቶቹ ከጓሮ በኩል ቆመን ስንሰማ እኔ አልቅሻለሁ፤ እግሩን ብስም ደስ ይለኝ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ከሕንድ ተመለሱ። ደምሴ ሽንቱን እንደ ሰው ሲሸና ሰምቼ ከበሩ ውጭ ቆሜ እልል አልኩ፤ ልጄ “እማዬ አበደች” አለች። ምግብ ረጋለት፣ ፊቱ ቀላ። ጠዋትና ማታ በሰዓት የሚዋጥ ኪኒን አለው፣ አንዱን ከዘለለ ሰውነቱ የወንድሙን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያባርረዋል ብለውናል። ጥሬ ሥጋ ክልክል ሆነ። ከኪኒኑ የተነሳ ጉንጩ ተነፋ፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ሕያው ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ፈለግሁ። ባሌን ፈለግሁት። ይኼን ስናገር የሚደነግጥ ካለ ይደንግጥ። እኛ ከመታመሙ በፊት አልጋ ላይ የምንከባበር ሰዎች አልነበርንም፤ ዝምተኛው ደምሴ እዚያ ዝምተኛ አልነበረም። ከሕንድ ከተመለሰ በኋላ ግን ያ ነገር ሞተ። አንዴ ሞከርን፣ ሁለቴ ሞከርን፣ አልሆነም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ “ደከመኝ” አለ፣ “ሥራ አለብኝ” አለ፣ እኔ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ወርክሾፑ ውስጥ ያለቀ ወንበር ይልግ ጀመር።

ደግሞ ፍርሃቱ አለ። አዲሱ ኩላሊት እኛ እንደምናስበው ጀርባ ላይ አይደለም የሚቀመጠው። ከፊት ነው፣ ከብሽሽቱ ከፍ ብሎ በስተቀኝ፣ ከቆዳው ሥር። አንድ ቀን እጄን ይዞ አስነካኝ። እጄን አቃጥሎኝ ይመስል ሰበሰብኩት። እሱ ያንን አየ፤ አስጠላሁት ብሎ አሰበ። እኔ እንዳልሰብረው ፈርቼ ነው። እሱ ደግሞ ጉልበት ካወጣሁ ይቀደዳል ብሎ ይፈራል። ይኼንን አልተነጋገርንም። መሃላችን ትራስ ገባ፤ ማን እንዳስገባው አላስታውስም። በዚያ ላይ አማቴ በመጣች ቁጥር ሆዴን ታያለች፣ ለሰላም ወንድም አትወልጂም ወይ ለማለት።

ደምሴ ለአንድ ሰው ብቻ ተናግሯል። ለወንድሙ። ኩላሊቱን የተካፈልነው እኛ ነን፣ እሱም እንደኔ ሆኖ ይሆን ብሎ በስልክ ጠየቀው። ባልቻ “እኔማ በሬ ነኝ” ብሎ ሳቀበት አሉ። ይኼንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የ2003 መስቀል ደረሰ። መቼም ጉራጌ ጴንጤም ይሁን ምን ለመስቀል አገሩ ይገባል። እምድብር አባታቸው ቤት ዘመድ አዝማድ ሞልቶ፣ በሬው ታርዶ፣ ክትፎው በጣባ እየተደረደረ ነው። ለደምሴ ለብቻው በደንብ አብስዬ አቀረብኩለት። አንዱ የአጎት ልጅ “ይኼ ምኑ ክትፎ ነው፣ ትንሽ ከጥሬው ቅመስ እንጂ” እያለ ያስቸግረዋል። ባልቻ ከላይኛው መቀመጫ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ደምሴን ተዉት! ጥሬውንም ትቷል፣ ሚስቱንም ትቷል። እኔ ኩላሊቴን የሰጠሁት ለወንድ መስሎኝ ነበር።”

መጀመሪያ የሳቀው የአጎት ልጅ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ሰው ተከተለ። ሌላው አንገቱን ደፋ፤ ከሳቁት ይልቅ አንገታቸውን የደፉት ናቸው ያቃጠሉኝ፣ አምነውታልና። ባሌ የጎረሰውን ዋጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ከእንሰቱ መሃል ቆሞ አገኘሁት። ቅጠሉን በጥፍሩ ይተረትራል። “ዘርፌ፣ አንድ ቃል እንዳትናገሪ” አለኝ። አልተናገርኩም። ግን ባልቻ የዛሬ ዓመት በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰው ፊት አንገቱን ይደፋል ብዬ ለራሴ ማልኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ቤታችን ስንመለስ ደምሴ ጭራሽ ባሰበት። አንድ ጠዋት ኪኒኑን ሳይውጥ ሲሄድ አየሁት። ስጠይቀው፣ ይኼ መድኃኒት ነው ወንድነቴን የወሰደው፣ ያለሱ ልሞክር አለኝ። እዚህ ላይ ነው እንደ እብድ የሆንኩት። ክንዱን ይዤ፣ ኪኒኑን በእጄ አፉ ውስጥ ከትቼ፣ እስኪውጥ ቆምኩበት። በኅዳር ቀጠሮው ደግሞ “ውጭ ጠብቂኝ” ሲለኝ እምቢ አልኩ። ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ነበር የምቀመጠው። ያን ቀን ተከትዬው ገባሁ፤ ሐኪሙ የሽንቱን ውጤት እያየ “ሁሉም ጥሩ ነው” ሲል፣ “ሁሉም ጥሩ አይደለም” አልኩና ለሐኪሙ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ደምሴ ወለሉን ያያል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አልሳቀም፣ አልደነገጠም።

“ኩላሊቱ ብርጭቆ አይደለም፣ በዚህ አይሰበርም” አለን። “ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልጠየቃችሁኝም?”

አንድ በአንድ አስረዳን። በሽታው ራሱ ለዓመታት ሰውነትን ይጎዳል፤ የደም ግፊት ኪኒኑ ደግሞ ያንን ነገር ያደክማል፤ ከሁሉ በላይ ፍርሃቱ። የግፊቱን ኪኒን ለወጠለት፣ ደሙን አስመረመረው፣ በኋላም ለዚያ ጉዳይ የሚሆን መድኃኒት በልኩ አዘዘለት። ከመንገድ የሚሸጥ ሥር ወይም ኪኒን እንዳትሞክር፣ ከሌላው መድኃኒትህ ጋር ተጣልቶ ኩላሊቱን ይገድልብሃል ብሎ አስጠነቀቀው። ሰውነትህ ኩላሊቱን እንዳያባርር የምትውጠውን ኪኒን ግን አንድ ቀን ብታቋርጥ ወንድነትህ ሳይሆን አንተ ነህ የምትሄደው አለው። ለእኔም፣ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ተቃቅፋችሁ ተኙ አለኝ። ይኼን ለመስማት ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ደጅ የተቀመጥኩት።

ትራሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እጄን እዚያ ቦታ ላይ፣ ኩላሊቱ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ሰውነቱ ደርቆ እንጨት ሆነ፣ ቆየና ላላ። ሳምንታት ፈጀ። አንዳንዴ ተናደደ፣ አንዳንዴ ተላቀስን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምን እንዳሳቀን ሳናውቅ ሰላም እስክትነቃ ሳቅን። በፋሲካ ሰሞን ባሌ ባሌ ሆነ። እንደ ድሮው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ይመጣል ይሄዳል። ግን ወርክሾፑ ውስጥ እያፏጨ ይልግ ጀመር፤ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ተብሎ የአልጋ ሥራ በዝቶ ነበርና አራቱም ጓደኞቹ “ምን ነክቶት ነው?” ይሉኝ ነበር። እኔ አውቃለሁ ምን እንደነካው።

ይኸው፣ የምፈልገውን አግኝቼ ነበር። ደምሴም የባልቻን ነገር ተዪው፣ እኛ ደህና ነን፣ ለምነሽ ከእግዚአብሔር ያገኘሽውን ያዢ አለኝ። እኔ ግን መያዝ አልበቃኝም። ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ልብስ ስሰፋ የመኪናው ድምፅ “ለወንድ መስሎኝ፣ ለወንድ መስሎኝ” ይለኛል።

በሰኔ፣ ለመስቀል የሚሆነው ቆጮ እንዲደርስ፣ የቤተሰቡ ሴቶች እንሰት ለመፋቅ እምድብር ተሰበሰብን። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቀርብም። እግራችንን ዘርግተን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እጃችን ሲሠራ አፋችን ይሠራል፤ የባልን ገመና፣ የአማትን ክፋት፣ የወሊድን ነገር ሁሉ እዚያ እናወራለን። ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ከዚያ ቦታ ወሬ ያወጣች ሴት ሰምቼ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጠችው የባልቻ ሚስት እትዬ ዘነበወርቅ ናት። ታላቄ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ያን የመስቀል ቀን እንኳ ባሏን በዓይኗ ስትገስጸው አይቻታለሁ። ሌሎቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ባልቻ በተናገረው ይቅርታ አድርጊልኝ አለችኝ፣ በእሱ ፈንታ። መልስ ስነፍጋት መፋቂያዋን አስቀመጠች።

“ዘርፌ፣ እሱ ራሱ ከሕንድ በተመለሰ በዓመቱ እንደዚያው ሆኗል” አለችኝ። “ኩላሊቱን ስለሰጠ የደረቀ ይመስለዋል። ደምሴ እንዳይሰማ ብሎ አስምሎኛል፤ ከሰማ በሕይወት መኖሩን ይጠላል ይላል። የሚሳደበው ከዚያ ነው። ሲያየው ይነደዋል፣ ደግሞ ይወደዋል። ምን ላድርገው?”

አቀፍኳት፣ አብሬያት አለቀስኩ። እውነቴን ነው ያለቀስኩት። ግን እያለቀስኩ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ብሎ ቆመ። አገኘሁህ አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ራስህ የሌለህን ነው ባሌ የለውም ያልከው? ስለ ኩላሊቱ ያለችውን፣ ደምሴ እንዳይሰማ ያለችውን፣ ያን ሁሉ ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ አልሰማም። የሰማሁት የምወጋበትን ብቻ ነው።

የ2004 መስቀል ሦስተኛው ቀን ላይ ለአባ ከድሮ ነገር አመለከትኩ፤ ባልቻ ጉርዳውን አፍርሷል፣ የሰጠውን አንስቷል ብዬ። አባ ከድሮ አዝነው ነበርና እሺ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ፣ ያ በቤቶቻችን ፊት የተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ፣ ከዝግባው ሥር ተቀመጡ። በእኛ ሸንጎ ሴት አትናገርም፤ ወንድ ይናገርላታል። ደምሴ አልናገርም አለ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ “ይቅር” ብሎ ለመነኝ። አባ ከድሮ ራሳቸው ነገሬን አቀረቡልኝ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ተቀመጥኩ፤ እትዬ ዘነበወርቅ ከሁለት ሰው ወዲያ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ብዙም አልፈጀባቸው፤ ባልቻ ቃሉን አፍርሷልና ወንድሙን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ብለው ፈረዱ። ባልቻም እሺ አለ። ድንጋዩን አነሳ፣ ትከሻው ላይ አደረገ፣ ወደ ደምሴ መጣ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ረክቼ ነበር፤ ሁሉም አይቶታልና። ግን ባልቻ ፈገግ አለ። የአጎቱን ልጅ በዓይኑ ጠቀሰው፣ “ይኸው ለአንድ ቀልድ” እንደማለት። ጥቅሻውን አየሁት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኛል?

ተነሳሁ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኩትን ሰው አንተ አልኩት።

“ባልቻ፣ ድንጋዩን አውርድና ሚስትህን ይቅርታ ጠይቅ” አልኩ። “ሁለት ዓመት አልጋዋ ላይ ሬሳ ሆነህ ተኝተህ ነው የእኔን ባል ወንድ አይደለም ያልከው። ውሸት ነው በል። ይኸው ዘነበወርቅ አለች፣ ትመስክር።”

ድንጋዩ ከባልቻ ትከሻ ወደቀ፤ አልጣለውም፣ ወደቀ። ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ ከድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። የአጎት ልጅ አልሳቀም። ሁሉም አንገቱን ደፋ፣ ልክ ዓምና እንደደፉት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ዞር ስል እትዬ ዘነበወርቅን አየኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ተነስታ፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቤት ትሄዳለች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

ደምሴን ፈለግሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁ ብሽሽቱ ላይ ነበር፣ ኩላሊቱ ላይ። “እኔ ነኝ የወሰድኩበት?” ሲል ሰማሁት፣ ለማንም አይደለም የሚለው። ሄዶ ወንድሙን ከመሬት አነሳው።

ወልቂጤ አብሬው አልተመለስኩም። እሱ በዚያው ወደ ቡታጅራ ሄደ፣ እኔና ሰላም ብቻችንን መጣን። ሳምንት ቆይቶ የሰማሁት፣ ባልቻን እጁን ይዞ አዲስ አበባ፣ እኔ ያናገርኩት ሐኪም ጋ እንዳቀረበው ነው። ባልቻ ለምርመራ ቀጠሮ ከሁለት ዓመት በላይ ሄዶ አያውቅም፣ በሬ ነኝ እያለ። ደሙ ሲታይ ስኳር ሆኖ ተገኘ፣ ያውም እላይ የወጣ። ወንድነቱን ያደረቀው እሱ ነው እንጂ ኩላሊት መስጠቱ አይደለም አሉት። ጥቂት ቢቆይ ያችን የቀረችውን አንድ ኩላሊት ስኳሩ ይበላት ነበር፤ በጊዜ መጣህ ብለውታል።

ይኸውላችሁ የእኔ በቀል። ላጠፋው የተነሳሁትን ሰው አዳንኩት።

በኅዳር ባልቻ ራሱ ስፌት ቤቴ መጣ። ከስቷል፣ ድምፁ ትንሽ ሆኗል። ሕይወቴን አተረፍሽኝ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እግሬን ሰበሰብኩ። አንድ የስድብ ቃል ቢሰጠኝ ምንኛ በቀለለኝ! ስለ ሚስቱ ስጠይቀው ተነስቶ ወጣ። እትዬ ዘነበወርቅ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። በተከታዩ ሰኔ የቤተሰቡ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ማንም አልጠራኝም፤ ቆጮዬን ከገበያ ገዛሁ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቤተሰብ ውስጥ ቆጮ ከገበያ የምትገዛ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ደምሴ ተመለሰ። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ለሰላም ደብተሯን ያያል፣ የሠራሁትን ይበላል። ትራሱ ግን መሃላችን ተመለሰ፤ አሁን ማን እንዳስገባው አውቃለሁ። ቀጠሮ ሲደርስ ብቻውን ይሄዳል፤ ባልቻ ከቡታጅራ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ይገናኛሉ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ አሉ። እኔ ደጅ ቆሜ ያገኘሁትን ሐኪም እነሱ ተካፈሉት። ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ጠዋት አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። የሰደበህን ይቅር ብለህ፣ ለአንተ የተናገርኩትን እኔን ትቀጣኛለህ? ፍትህ የት አለ? አልኩት።

ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። ቁልፉን ጨርሶ ነው የመለሰልኝ።

“እሱ የተናገረው ከሕመሙ ነው” አለኝ። “አንቺ ግን ድኜልሽ ነበር ዘርፌ። አልጋዬ ላይ እያለሽ፣ ዓመት ሙሉ አስበሽበት ነው። የሰው ገመና ሰብስበሽ እንደምታስቀምጪ አየሁ። የእኔንስ ለየትኛው ቀን ነው ያስቀመጥሽው?”

ላስቀምጥ አላስቀምጥ አስቤው አላውቅም ልለው ፈልጌ፣ አፌ እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ስንናደድ አስቤው አውቃለሁ። እሱም ይኼንን ያውቃል። ሃያ ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው ነው፣ ምኔን ያጣል?

እየተናደድኩ ዋልኩ። መጀመሪያ በእሱ፣ ከዚያ በባልቻ፣ ከዚያ በዚያ ጠቃሽ ዓይን፣ ማታ ላይ የሚናደዱበት ሰው አለቀብኝና እኔ ብቻ ቀረሁ። በማግስቱ ቡታጅራ ሄድኩ። እትዬ ዘነበወርቅ በሩን አልከፈተችልኝም። ከደጅ ሆኜ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የሴቶችን ቃል አፍርሻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ወር ቆይቼ ሄድኩ። አልከፈተችም። አሁንም እሄዳለሁ። ቂም ለመጠበቅ ሦስት ዓመት ከቻልኩ ለዚህም እችላለሁ።

ትናንት የደምሴ ቀጠሮ ነበር። ጫማዬን አድርጌ፣ ስፌት ቤቴን ዘግቼ፣ ከእሱ ቀድሜ መናኸሪያ ሄድኩና ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። መጣ፣ አየኝ፣ በሩ ላይ እግሩን አድርጎ ቆመ። ረዳቱ ትገባለህ አትገባም እያለ ይጮህበታል። እኔም እንደ ልማዴ ነገር ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ አዲስ አበባ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ውረጂ አላለኝም።